አልፈልግም ያልኩት ዓሣ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዘች ጊዜ ያማራት ዓሣ ነበር፤ ያውም ጭንቅላቱ ያልተቆረጠ፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ፣ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር የሚሸጠው ዓይነት። እኔ እዚህ ስዊድን፣ አካላ ከሚባለው ሰፈራችን ሱቅ የማመጣላት ግን ጭንቅላትም ቆዳም የሌለው፣ እንደ ሳሙና አራት ማዕዘን ሆኖ በረዶ የሠራ ነገር ነው። አንዴ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። ሌላው ምግብም አልረጋ ብሏት ከስታለች። በስልክ ካርድ አዲስ አበባ ስንደውል እናቷ «ልጄ፣ አምሮት አይከለከልም፤ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» ይሉኛል። በምልክቱ አላምንም ነበር። የሚስቱን አምሮት ማሟላት ያቃተው መባልን ግን እፈራለሁ።

መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ስዊድናዊ ነበር፤ ከዓሣ ሌላ ወሬ የለውም። የቤቴን ጉዳይ ለባዕድ ማውራት አሳፈረኝና «ማጥመድ ብማር ደስ ይለኛል» ብቻ አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ሄሰልቢ የሚባል ሰፈር፣ ሐይቅ ዳር ተቀጣጠርን።

ቅጠሉ ረግፎ ውሃው መቀዝቀዝ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ቮብለር የሚሉትን፣ መንጠቆ ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ ዓሣ ባዋሰኝ የማጥመጃ ዘንግ ክር ጫፍ ላይ አሰረልኝ።

«ይሄ ጠልቆ አይወርድም፤ ከውሃው ሣር በላይ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ውሃው ሲበርድ ዓሣውም ይሰንፋል። ክሩን ቀስ ብለህ ጠቅልል፣ ቆም አድርግ፣ ደግሞ ጠቅልል።»

ቀስ ማለት መች ሆነልኝ። አንድ ዓሣ ይዤ ቤቴ ለመግባት ቸኩዬ ፕላስቲኩን ሳስሮጠው አረፈድኩ። እሱ ግን ብዙም ሳይቆይ አቦሬ የሚሉትን ዓሣ አወጣ፤ ጎኑ ላይ ጥቁር ሰንበር ያለበት፣ ክንፉ ቀይ፣ የክንዴን ግማሽ የሚያህል። መጥበሻችን ላይ ሆኖ ታየኝ።

«ትወስደዋለህ?» አለኝ፣ በሁለት እጁ እንደያዘው።

«አይ፣ ይቅር፣ አትቸገር» አልኩት።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» መልስ አይደለም፤ የጨዋ ልጅ መሆንን ማሳያ ነው። ሰጪው «በሞቴ» ይላል፣ ተቀባዩ ትንሽ ይግደረደራል፣ ከዚያ እጁን ይዘረጋል። እኔ «በሞቴ»ውን ስጠብቅ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ዓሣውን ውሃው ውስጥ ለቀቀው። ጅራቱን አንዴ መታና ጠፋ።

«እኔም መልቀቅ ነው የምወደው» አለኝ ደስ ብሎት።

እስከ ጆሮዬ ጋልኩ። ያኔ እንኳ «ሚስቴ አርግዛ ዓሣ አምሯት ነው» ብል ምን ነበረበት? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ሁለተኛውን ሲያወጣ «እሱንም ልቀቀው» ያልኩት ራሴ ነኝ። ይህን ያደረግኩት ደግሞ ከአገር ቤት አዲስ የሚመጣውን ሁሉ «እዚህ አገር የፈለግኸውን በግልጽ ተናገር» እያልኩ የምመክረው ሰውዬ ነኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ መጥበሻውን ምድጃው ላይ ጥዳ፣ ሎሚ ቆርጣ ጠበቀችኝ።

«አልቀናንም» አልኳት።

«ምን ታደርግ» ብላ ሎሚውን በሳህን ከደነችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ እንደምንም ጨክኜ ለሥራ ባልደረባዬ እውነቱን ነገርኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አለ። ይሉኝታን በስዊድንኛ የማስረዳበት አቅም አልነበረኝም፤ በአማርኛም ቢሆን መልስ የሚሆን አልመሰለኝም። ቅዳሜ ዕለት ሁለት ትልልቅ አቦሬ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ራሴ አጸዳሁ፣ ራሴ ጠበስኩ፣ ከነጭንቅላቱ አቀረብኩላት። ሳህኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አምሮቱ አልፎላት እንደነበር በምን አውቄ፤ እሷም አልነገረችኝም። ቆርሳ ጎረሰችና «ይጣፍጣል» አለች። ለመዋጥ ስትታገል አየኋት። ቆሜ እያየኋት ስለሆነ ደግማ ጎረሰች፣ አሁንም ደገመች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ይዛ ተነሣች።

መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስታስመልስ ሰማሁ። ውሃው ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ዓሣው አይደለም» አለችኝ ከውስጥ። «ዓሣውስ ግሩም ነው። አንተ ብላ፣ እንዳይበርድብህ።»