ቂም የያዘ እጅ አይዳስስም

ልጅ እያለሁ የታወቅሁበት ሙያ የትልልቅ ሰዎችን ጀርባ መርገጥ ነበር። እናቴ በሊባኖስ፣ ጅዴይዴ በተባለ ሰፈር የሦስት ሕንፃዎችን ደረጃ አጥባ ስትመለስ ምንጣፉ ላይ በደረቷ ትተኛና «ና እስቲ፣ ውጣብኝ» ትለኛለች፤ እኔም በአንድ እጄ ግድግዳውን ተደግፌ ከወገቧ ወደ ትከሻዋ በባዶ እግሬ እመላለሳለሁ። ከልብሷ የሚወጣው የበረኪና ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ዘመኑ ከሊባኖስ ጦርነት ማግሥት፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ዓመቱን ለይቼ ለመናገር አልደፍርም፤ ዕድሜዬም ዘጠኝ ይሁን ዐሥር እርግጠኛ አይደለሁም። የሌሎችን ማስረጃ ስመረምር ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝና የራሴንም ትዝታ ያለ ምስክር ማመን ይቸግረኛል።

ክፍላችንን የምንጋራው ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር ነበር። እንደ እናቴ ከአሠሪ ቤት ወጥታ በየቤቱ እየዞረች የምትሠራ፣ እጀ ትልቅ፣ ሳቋ ከደረጃው ሥር የሚሰማ ሴት ነበረች። በፋናር ኮረብታ ላይ የምታጸዳላቸው አንዲት አሮጊት ሊባኖሳዊት ነበሩ፤ ስማቸው ሳልዋ ይባላል። በወጣትነታቸው ከአገራቸው ወጥተው፣ በሃዋይ ደሴቶች የአገሩን ተወላጅ አግብተው ኖረው፣ ባላቸው ሲሞት ወደ አባታቸው ቤት የተመለሱ ናቸው። ከአማታቸው የተማሩትን ሎሚሎሚ የተባለ በማሸት የመፈወስ ጥበብ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለመጣ ሁሉ ያስተምሩ ነበር። «ማዳም» መባልን አይወዱም፤ በደሴቶቹ ታላቅ ሴት አክስት ተብላ ትጠራለች ስላሉ፣ የእኛ ሴቶች «እትዬ ሳልዋ» ብለው አወጡላቸው።

መጀመሪያ የሄድን ቀን እናቴ ታክሲው ውስጥ ስጋት ገብቷት ነበር።

«ወርቄ፣ የጠንቋይ ቤት እንዳይሆን ብቻ!»

«ጠንቋይ ቢሆኑማ ጥቁር ዶሮ አምጡ ይሉን ነበር። እኚህ ያሉት ጥፍራችሁን ቁረጡ ነው።»

ቦታው የድንጋይ ቤት ምድር ቤት ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ከጥዶቹ መካከል ባሕሩ ይታያል። በሙቅ ውኃ መካከል የተቀመጠ የወይራ ዘይት ይሸታል። ከቤተ ክርስቲያን በነጠላቸው የመጡ ስምንት ያህል የእኛ ሴቶችና ሁለት የሰፈሩ ሊባኖሳውያት ነበሩ። የመጀመሪያውን ወር ማንም ማንንም አልነካም፤ ማየትና መተንፈስ ብቻ ነበር። «እጅ ከመማሩ በፊት ዓይን ይማር» ይሉ ነበር እትዬ ሳልዋ። ከዚያ በክንድ ማሸት መጣ፤ ከዳሌ እስከ ትከሻ ረጅም፣ ዳር ደርሶ እንደሚመለስ ማዕበል ያለ። ሲጀምሩ ሁሉም እንደየሃይማኖቱ ይጸልያል፤ የእኛዎቹ «አቡነ ዘበሰማያት» ይላሉ። አንዷ የአማታቸውን ጸሎት ጽፈው እንዲሰጧት ብትለምናቸው፣ «ያኒ፣ ማለቴ፣ ስጪ የተባልሁትን እሰጣለሁ፤ ጠብቂ የተባልሁትን እጠብቃለሁ» አሏት። እናቴ ያን ቀን ይመስለኛል ፈጽማ ያመነቻቸው።

የእኔን ሙያ ሲሰሙ እጃቸውን አጨብጭበው ሳቁ። በደሴቶቹም የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ጀርባ ይረግጣሉ ለካ። ሁለት ወንበር ግራና ቀኝ አቁመው፣ በእነርሱ ላይ ክብደቴን እንዴት እንደማሳርፍ፣ የጀርባ አጥንቱን እንዴት እንደማልነካ አስተማሩኝ። ሴቶቹ እንደ መምህር ቆጥረው «ያላ፣ ኡስታዝ፣ ተራዬ ነው!» እያሉ ይሰለፉልኝ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ማዕረግ ተሰጥቶኛል፤ እንደዚያኛው የኮራሁበት ግን ያለ አይመስለኝም።

የቤቱ ጽኑ ሕግ አንድ ነበር። እትዬ ሳልዋ እያንዳንዱን ሰው በር ላይ ያቆሙና «ከውስጥ ባለ ሰው ላይ በልብሽ የያዝሽው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያለባት ሴት ሳትታረቅ አትዳስስም፣ አትዳሰስምም። ይህ ሲተረጎም ወርቅነሽ «ይሄማ የእኛው ነው! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ሁሉንም አሳቀች። በራሷ እንደሚደርስ ያን ጊዜ ማን ያውቃል?

አንድ ቀን እናቴ ሥራ ላይ ሳለች ከታች ካለው ሱቅ ስልክ ተጠራን። ከአዲስ አበባ አጎቴ ነበር፤ የእናቴ እናት ዐርፋለች አለ። ወርቅነሽ እጀታውን ይዛ ቀረች፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። «በሚካኤል! ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ። «መርዶ እንዲሁ አይነገርም። እሑድ ሰው አሰባስበን፣ በማለዳ፣ አስቀምጠን ነው።» ነገር ግን የመጀመሪያው እሑድ አንዷን ማዳሟ ከለከለቻት፤ በሁለተኛው ሌላዋ ታመመች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አራት እሑድ አለፈ። እናቴ በእነዚያ ሳምንታት ለእናቷ የምትልከውን ሻርፕ ቀለም ታማክረኝ ነበር። እኔም «ሰማያዊው ይሻላል» እላት ነበር።

በመጨረሻ ለጉዳይ ሐዝሚዬ ወደሚገኘው ቆንስላችን ሄዳ፣ ከደጅ ሰልፍ ላይ እንደቆመች፣ ከሰፈሯ በቅርቡ የመጣች አንዲት ሴት አይታት «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት።

እናቴ ለአጎቴ ደውላ ወርቅነሽ ከሳምንታት በፊት እንደተነገራት ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ በክፍላችን መካከል አንሶላ ተሰቀለ። መልእክተኛቸው እኔ ሆንሁ። «ለሴትዮዋ ጨው አልቋል በላት።» «ለእናትህ ጨው ከመደርደሪያው ላይ ነው በላት።» ሁለቱም ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ነው ይህን የሚሉት። ወርቅነሽ እኔም መስማቴን አላወጣችም። እናቴ እያቀፈችኝ ታለቅስ ነበር፤ እኔም በእቅፏ ውስጥ እንደ ሌባ እቀመጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ቀኝ ክንድ ከደረቷ በላይ አልነሣም አለ። መስኮት መወልወል አቃታት። የአንዱ ሕንፃ ኃላፊ ሴት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻላት «ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ አመጣለሁ» አለቻት። ከጠቡ ወዲህ ወደ ቀረችበት የፋናር ቤት ስለ ክንዷ ስትል ተመልሳ መጣች፤ ወርቅነሽም ከውስጥ ነበረች። እትዬ ሳልዋ ክንዷን በዓይናቸው አዩና የተለመደውን ጠየቁ።

«አለ» አለች እናቴ።

ዘይቱ ተነሣ፤ ሁላችንም መሬት ላይ በክብ ተቀመጥን። ሥርዓቱን በደሴቶቹ ቋንቋ ሆኦፖኖፖኖ ይሉታል፤ ማቅናት እንደማለት ነው አሉን። የተጣሉት እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ሁሉም የሚናገረው በመካከል ለተቀመጡት ታላቅ ነው፤ ድምፅ ከፍ ሲል ሁሉም ዝም ይላል። በየቋንቋችን እንድንናገር ፈቅደው አንዷ ትተረጉምላቸው ነበር።

«እናቴ አፈር ገብታ አርባዋ ሲቃረብ» አለች እናቴ፣ «እኔ ደረጃ እያጠብሁ እዘፍን ነበር። እየሰማችኝ ዝም አለች።»

«ታዲያ ባልዲ ይዛ ትስማ?» ወርቅነሽ ጮኸች። «እናት ሞተች ተብሎ ለቆመ ሰው ይነገራል? ወገን የሌላት ይመስል?»

እትዬ ሳልዋ እጃቸውን አነሡ፤ ዝም ተባለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው፣ እንደማስታውሰው፣ «እኔም ሰምቼ ነበር» ያልሁት።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እርሷ ግን ወደ ወርቅነሽ ሳይሆን፣ በደንቡ መሠረት ወደ እትዬ ሳልዋ ተመልሳ እንዲህ አለች፦ «እንግዲያው አሁን ትንገረኝ። በወጉ። ተቀምጫለሁ፤ ሰውም አለ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዙሪያዋን ከበቡ። ወርቅነሽ በጉልበቷ ቀርባ፣ አራት እሑድ ሙሉ ያጠናችውን፣ ሳትናገረው የቀረችውን መርዶ ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች። እናቴም ያን ቀን ገና እንደሰማች ሆና አለቀሰች፤ ሁላችንም አለቀስን፤ ሊባኖሳውያቱም ጭምር። በመጨረሻ ወርቅነሽ ጉልበቷን ስማ «ማሪኝ» አለቻት፤ እናቴም «ይቅር ለእግዜር፤ አንቺም ማሪኝ» አለች። ዘይቱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ክንዷን ያሸችው ወርቅነሽ ነበረች። ያን ዕለት እስከ ጆሮዋ ተነሣ፤ በወሩ መጨረሻ የመስኮቱን ጫፍ ነካ። ጊዜ ብቻውን ያድነው ነበር የሚል ሐኪም ቢኖር አልከራከረውም።

ስለ ራሴ ቃል ግን ምስክሮቼ አይስማሙም። እናቴ ኋላ ስትነግረኝ እኔ አንዳች አልተናገርሁም፤ ወንበር ሥር ተደብቄ ሳለቅስ ነው የገባት። ወርቅነሽ ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸህ ተናገርህ ትላለች። የትኛው እውነት እንደሆነ ማወቅ ትቻለሁ።

ዛሬ ሞት በስልክ መስታወት ላይ ከነፎቶግራፉ ይመጣል፤ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ያነበዋል። አራት እሑድ መደበቅ ስሕተት እንደነበር አምናለሁ፤ ይህኛውም የተሻለ መሆኑን ግን ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም። ማሸትም በየሆቴሉ በሰዓት ተለክቶ ይሰጣል። ወርቅነሽ ግን አዲስ አበባ ተመልሳ፣ እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ የጎረቤቶቿን ሴቶች ታስተምራለች፤ በር ላይም አቁማ ትጠይቃለች።

እናቴ ባረፈች ጊዜ ስልኩ በእጄ ነበር። ለወርቅነሽ ግን አልደወልሁላትም። በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ አራት ጎረቤቶቿን ይዤ በሯን አንኳኳሁ። ከፍታ ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ ማንም ሳይናገር ገባት። ወደ ውስጥ ተመለሰች፣ ነጠላዋን አንሥታ ለበሰች፣ መደብ ላይ ተቀመጠች፣ ለእኔም ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝና «በል ልጄ፣ አሁን ንገረኝ» አለች።