ቀይ ጭቃ ፍለጋ ኢየሩሳሌም

ንጋት፣ ቤር ሼቫ

ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ዘንቢሌ ውስጥ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ሹራብ፣ ምናልባት ቢበርዳት ደግሞ ሌላ ሹራብ። ልጄ ወርቄ ወታደር ናት፤ ዛሬ ፈቃድ ወጥታ ኢየሩሳሌም ልንገናኝ ነው። “የሠራዊቱ መረጃ ክፍል ገባሁ” ከማለት በቀር ምን እንደምትሠራም፣ የት እንዳለችም አትነግረኝም። የእስራኤል ሠራዊት ያን ጊዜ ሊባኖስ ውስጥ ነበር። ሰሜኑ ድንበር ልከዋት ይሆን? እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነው። ይህን የምጽፈው አሁን አገልግሎቷን ስለጨረሰች ነው።

አውቶቡስ ውስጥ

ሹፌሩ ከራዲዮኑ ጋር ይዘፍናል። አጠገቤ እንደ እኔው ነጠላ የለበሰች ሴት ተቀመጠች፤ አለሚቱ ትባላለች። የጎንደር ሰው ሲገናኝ ዘመድ ሳይቆጥር አይሆንለትም። “የማን ልጅ ነሽ? ከየት መንደር?” ስንባባል፣ የኢየሩሳሌም ዳገት ጋ ሳንደርስ የእኅቷ ባል የአክስቴ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

“ልጄ ሰሜኑ ድንበር ነው” አለችኝ። “ጫማው ቀይ ጭቃ ይዞ ይመጣል። በቢላ ብፍቀው አይለቅ!”

ቀይ ጭቃ። በልቤ ያዝሁት።

ረፋድ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና

ከሃነቪኢም መንገድ ታጥፌ ገባሁ። ጠባብ፣ ጸጥ ያለ መንገድ፤ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ፤ ከግንቡ ማዶ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክብ ጣራ። አንድ አባ “እንደምን አደርሽ፣ ልጄ” ብለውኝ አለፉ።

ወርቄ ከግንቡ ሥር ቆማለች። ሳልስማት ጎንበስ አልሁ።

“እማዬ፣ ምን ጠፋሽ?”

ጫማዋ ላይ ቀይ የሚባል ነገር የለም። እፎይ! እጇ ለስላሳ ነው። ፀጉሯ ከሁለቱ ጆሮዎቿ በላይ ተጨፍልቋል።

“ሰሜን አይደለሽም” አልኋት። “ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ጆሮሽ ላይ የሆነ ነገር ደፍተሽ ስታዳምጪ ነው የምትውዪ።”

ዓይኗ ፈጠጠ። “ማን ነገረሽ?”

ስለ ጭቃው ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። “እኛም እኮ እንዲህ ነው የምንሠራ! ትልቁን ምሥጢር የሚነግረን የለም። አንዱ ስለ ጭቃ፣ አንዱ ስለ ቀለብ ያወራል፤ እሱን እንገጣጥማለን።” ከዚያ ሳቋ ቆመ። “ጠላትም እንደዚሁ ነው። አንቺስ ለሴትዮዋ ምን ነገርሻት?”

“ምንም! ስምሽን፣ ክፍልሽን፣ ዛሬ ፈቃድ እንደወጣሽ፣ ነገ እንደምትመለሺ…”

“ኧረ እማዬ!”

ከሰዓት በኋላ፣ መመለሻ

አለሚቱ ቦታ ይዛልኛለች። “እህሳ፣ ልጅቱ የት ናት?”

“ደኅና ናት። ዳቦ ብዪ።”

“የት ናት ነው ያልሁሽ!”

ጠጋ ብዬ “የልጅሽን ጭቃ ነገር ለሰው አታውሪ” አልኋት።

“ለማን አወራሁ? ላንቺና ለሹፌሩ ብቻ!”

ሁለታችንም አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ሳቅን። ከዚያ ዳቦ እየቆረስን እስከ ቤር ሼቫ ዝም። መንገዱ እንዲያ ረዝሞብኝ አያውቅም።