ሽማግሌ የከፈለው ዘፈን

የባለቤቴና የወንድሜ የሮክ ባንድ የተበተነው ጥሊሊ ላይ፣ በሰው ሰርግ ነው። ባለቤቴ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። ወንድሜ ድራም ይመታል። የዚያን ቀን ባለቤቴ ዘፈኑን ጨርሶ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ እጁን ካነሳ አለቀ ማለት ነው። ወንድሜ ግን መምታቱን ቀጠለ። ሰርገኛውም ጭፈራውን ቀጠለ። ባለቤቴ እጁን እንዳነሳ ትንሽ ቆየና አወረደው።

«ዘፈኑ አልቋል» አለ በማይክራፎኑ።

«ለእኔ አላለቀም» አለ ወንድሜ። ማይክራፎን አልነበረውም፤ ግን ሁሉም ሰማ።

ባለቤቴ ሄዶ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ነቀለ። ድራም ደግሞ በመብራት አይሠራም። ወንድሜ ሙሽሮቹ ኬክ እስኪቆርሱ ድረስ መታ። ወደ ከተማችን እንጅባራ ስንመለስ በሚኒባሱ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ተቀመጠ። እኔ መሐል ላይ ትልቁን ድራም ታቅፌ መጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበር። እኔን ጠልቶ አይደለም። ቤቱ ቅርብ ስለሆነ አጥራችን ድረስ ይመጣል፣ ቀርከሃውን ተደግፎ ያወራኛል፣ ድንች ከቆፈረ ድንች፣ ከሰል ካከሰለ ከሰል በአጥሩ ላይ ያቀብለኛል። ግባ ስለው «ቦቲዬ ጭቃ ነው» ይላል። በበጋም ጭቃ ነው። የልጄ የክርስትና ድግስ ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በላ፤ የባለቤቴ ዘመዶች ጥበቃ የቀጠርን መስሏቸው ደሞዙን ጠየቁኝ። ልጄም አፏን ስትፈታ «የአጥሩ አጎቴ» ነው ያለችው።

ድሮ ባለቤቴን «አያ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ከጥሊሊ በኋላ «ባልሽ» ሆነ። ባለቤቴም በበኩሉ «ያ ወንድምሽ» ይለዋል። በዚህ አነጋገር ሁለቱም የኔ ብቻ ሆነው ቀሩ።

እንጅባራ ላይ ሮክ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ከአምፕሊፋየሩ ነው የመጣው። ባለቤቴ ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ አንድ ያገለገለ አምፕሊፋየር አግኝቶ ገዛ። ስፒከሩ የተቀደደ ስለነበር ጊታሩን ሲሰካበት በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዓይነት ድምፅ ወጣ። ከዩኒቨርሲቲው ስልክ ሊያሠራ የመጣ ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና፣

«ይኼ እኮ ሮክ ነው» አለ።

«ይስተካከላል» አለው ባለቤቴ።

ተማሪው እንዳያስተካክለው ለመነው። ባለቤቴም አላስተካከለውም፤ እንዲሁ ሮከኞች ሆነን ቀረን። ወንድሜ ድራሙን የሚያቆምበትን ከቀርከሃ ሠራ። ዳንግላ የሚያስተምር አንድ የሒሳብ መምህር ባስ ጊታር ይዞ መጣ። ዝም ያለ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ተጫውቶ፣ የሰጠሁትን በልቶ፣ በማታው ሚኒባስ ይመለሳል።

የታወቁት በአንድ ዘፈን ነው። ጌታውን ጠላ ቤት ትቶ ከአዘና ገበያ ብቻውን ወደ ቤቱ ስለተመለሰ ፈረስ ነው። ግማሹ በአዊኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው። ዜማው የባለቤቴ ነው። ምቱ የወንድሜ ነው፤ ፈረስ ሲራመድ፣ ከዚያ ሲያዘግም፣ ከዚያ የቤቱን ጭስ ሲያይ የሚሮጠውን ሩጫ በድራም ያወጣዋል። ለክሊፑ ዘንገና ሐይቅ ዳር ሄደን ፈረስ ተከራየን። ካሜራው ሲስተካከል ፈረሱ ጥሎን ወደ ቤቱ ሄደ። ስለዚህ የፈረሱ ክሊፕ ላይ ፈረስ የለም፤ ሐይቁና መምህሩ ናቸው ያሉት።

ከተበተኑ በኋላ ዘፈኖቹ ከሞባይል ወደ ሞባይል እየተላለፉ ቀሩ። አንድ ቀን ዳንግላ ሙዚቃ ቤት ያለው ሰውዬ ለባለቤቴ ደወለ።

«ሰው ዘፈናችሁን እየጠየቀ አስቸገረኝ። ከአልበሞቻችሁ ምርጥ ምርጡን አንድ ላይ አድርጋችሁ አምጡልኝና ልልቀቀው።»

«አልበም እኮ የለንም» አለው ባለቤቴ።

«እንግዲያው ምርጦቹ የመጀመሪያው አልበማችሁ ይሁኑ።»

ባለቤቴ ለመምረጥ ተቀመጠ። ሁሉም ምርጥ ሆኑበት። ሳይመረጥ የቀረው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ እሱም ቅጂው ጠፍቶ ነው። ነገሩ ያለቀ መስሎን ሳለ ወንድሜ አጥሩ ጋ መጣ።

«ባልሽን ፈረሱ ያለ እኔ ፈቃድ አይወጣም በይው» አለኝ።

ባለቤቴ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆሟል፤ ይሰማል። ቢሆንም ሄጄ ነገርኩት።

«ዜማው የማን ነው በይው» አለኝ።

ተመልሼ ጠየቅሁ።

«ያለ ምቴ ይዝፈነው። አንድ ሰውዬ ፈረስ፣ ፈረስ እያለ ሲጮህ ነው የሚሆነው።»

«ያለ ዜማዬ ይምታው። ማንም ያልተቀመጠበት ሩጫ ነው የሚሆነው።»

እንዲህ ሲመላለሱብኝ አመሹ። የዳንግላው ሰውዬ ፈረሱን እንተወው ሲባል ደግሞ፣ ፈረሱ ከሌለ ምርጥነቱ ምኑ ላይ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሽማግሌ የለመንኩት እኔ ነኝ። ለአልበሙ ብዬ አልነበረም፤ ያለ አልበም ስንኖር የጎደለብን ነገር የለም። ወንድሜ ቤቴ እንዲገባልኝ ነው። ግን ቤት አልገባም ያለን ሰው ሽማግሌ ምን ብሎ ይዳኘዋል? የሚዳኙት ክርክር ያስፈልጋቸዋል። እነሆ ክርክር መጣልኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ግቢያችን ውስጥ ቁጭ አሉ። ትልቁ ዕድሜያቸውን ሙሉ የድንበር ነገር ሲያዩ የኖሩ ናቸው፤ በዚህ አካባቢ እሳቸው ያልረገጡት ማሳ ጥቂት ነው። ወንድሜ በአጥሩ በር አልፎ ግቢ ገባ፣ ከቤቱ ግን ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ግቢ የገባሁት ሽማግሌ አክብሬ ነው» አለኝ፤ ቤት የገባ እንዳይመስለኝ።

«የተጣላችሁበት ነገር ምንድነው?» አሉ ትልቁ።

«ዘፈን ነው አባቴ» አለ ባለቤቴ።

«የት ነው ያለው?»

ባለቤቴ ዘፈኑ ያለበትን የሞባይል ሚሞሪ ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩትና መለሱለት።

«እኛ ያልረገጥነውን መሬት ከፍለን አናውቅም። ተጫወቱትና እንርገጠው።»

ሁለቱ ከጥሊሊ ወዲህ አብረው አልተጫወቱም። ወንድሜ ድራሙን ከድንች ጆንያ ሥር አውጥቶ በባጃጅ አመጣ። መምህሩ ተደውሎለት ከዳንግላ ደረሰ፤ ምን ተፈጠረ ሳይል ገመዱን ሰካ። ጎረቤቱ አጥሩን ሞላው።

ጀመሩ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ተመቻችተው የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱ ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ። እኔ የማየው የወንድሜን እጅ ነበር። ፈረሱ ከጠላ ቤቱ ተነሳ፣ አዘገመ፣ ጭሱን አየ፣ ሮጠ፣ ደረሰ። ባለቤቴ እጁን አነሳ። ወንድሜ ሁለቴ ጨምሮ መታና አቆመ። ባለቤቴ ሁለቱን እንዳልሰማ ሆነ።

ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ርዝመቱ ምን ያህል ነው?»

«ስድስት ደቂቃ ይሆናል» አለ ባለቤቴ።

«ጭንጫው የት ላይ ነው?»

«ጭንጫ የለውም።»

«አለው» አለ ወንድሜ። «መሐል ላይ ጊታሩ ብቻውን የሚጮህበት አለ።»

«እሱ ነው ለሙ!»

«እኛም ልብ ብለነዋል» አሉ ሽማግሌው፣ ለማን እንዳደሉ ሳይታወቅ። «መቼም ፈረስ ካለ የሚባልለት ቃልም አለ። ቃሉስ የማን ነው?»

ባለቤቴ ወንድሜን አየ፤ ወንድሜ መሬቱን አየ። እኔ የሽማግሌዎቹን ምግብ ይዤ ቆሜያለሁ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ከማን ጋር ነሽ? ከከሳሹ ነሽ ከተከሳሹ?»

«ከወጡ ጋር ነኝ አባቴ። ምስር ነው።»

ቃሉን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ሁለቱም ያውቃሉ። ድንች እየላጥኩ ነው ያወጣሁት። ትምህርት ቤት ብዙ ስላልሄድኩ ግጥም በቀለም መጻፍ እንዳለበት አላወቅሁም ነበር፤ በቃሌ ይዤ ነው የነገርኳቸው። ማን አወጣው ብሎ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ እኔም አላነሳሁትም።

ሽማግሌዎቹ ወደ ቀርከሃው ሥር ፈቀቅ ብለው መከሩ። ጆሯቸው ለሚከብደው ጮክ ብለው ስለሚነግሯቸው ምክሩን ሁላችንም ሰማን፣ ግን እንዳልሰማ ሰው ጠበቅን። ከዚያ ተመልሰው ፈረዱ።

«ማሳ ነው፤ ይከፈላል» አሉ ትልቁ። «ከላይ፣ ከመነሻው ያለው ለድራሙ፤ ከታች፣ እስከ መድረሻው ያለው ለጊታሩ። አልበሙ ላይ ሁለት ሆኖ ይግባ፤ እያንዳንዱ በስሙ። በሁለት ማሳ መሐል ደግሞ የማይታረስ ሣር ይተዋል፤ ያ ወሰን ነው። ወሰኑ የሷ ነው። እሷ ሳትፈቅድ አይቆረጥም።»

«የኔስ?» አለ መምህሩ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

«አንተ ውኃ ነህ ልጄ። በሁለቱም ማሳ ታልፋለህ።»

መምህሩ በውሳኔው በጣም ደስ አለው።

የት ላይ ይቆረጥ ሲባል ሽማግሌዎቹ እሱ የልኬት ነገር ነው፣ እናንተው ጨርሱት ብለው፣ ምስሩን በልተው፣ መርቀው ሄዱ። የዳንግላው ሰውዬም አልተቃወመም። አንዱ ምርጥ ሁለት ምርጥ ከሆነ ሰው ምን ከፋው አለ።

ዘፈን የሚቆረጠው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ አጥሩን አልፎ፣ ግቢውን አልፎ፣ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

«እታለም፣ ኮምፒውተሩን ወደ ውጭ ብታወጡልኝ» አለኝ።

«እየዘነበ ነው።»

«ሲያባራ።»

«ክረምት እኮ ነው» አልኩት።

ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። ቦቲውን አወለቀ። ገባና በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረለት፤ ሰላምታ ነበር መሰለኝ። ልጄ አጎቷን ዞራ ዞራ አየችው። ከአጥር በላይ ያለውን ብቻ ነበር የምታውቀው።

ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አልሆነም። ባለቤቴ ጊታሩ ከሚጮህበት በፊት ይቆረጥ አለ። ወንድሜ ያኔ ፈረሱ አንድ እግሩን አንስቶ ነው፣ ኮቴው አየር ላይ ይቀራል አለ። ወረድ ቢሉ የኔ ቃል ለሁለት ይሰበራል። ከፍ ቢሉ ፈረሱ ገና ከጠላ ቤቱ አልተነሳም፣ ወንድሜም የቆመ ፈረስ አልቀበልም አለ። እሑድ መጣ፣ እሑድ ሄደ። ወንድሜ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። በርጩማውም ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ተጠግቷል። የዳንግላው ሰውዬ ሲደውል ባለቤቴ «ድንበር ላይ ነን» ይለዋል።

ያለፈው እሑድ ቦታው ተገኘ። ከጊታሩ ጩኸት በኋላ፣ ፈረሱ ጭሱን ከማየቱ በፊት፣ ትንፋሽ የምታህል ዝምታ አለች። ቃል አይሰበርም፣ እግር አይንጠለጠልም። ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ሆነው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።

«እዚህ ጋ» አለ ባለቤቴ።

«እዚህ ጋ» አለ ወንድሜ።

ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። ወሰኑ የኔ ነው።

«ደግማችሁ አሰሙኝ» አልኩ።

አሰሙኝ። ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝለትም። ሽሮውን እያማሰልኩ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

«አልጣመኝም» አልኳቸው።

ባለቤቴ አማቹን አየው። ወንድሜ ትከሻውን ነቀነቀ።

«እንግዲህ የሽማግሌ ቃል ነው፤ ምን ይደረጋል» አለ። ባለቤቴም ማውሱን ይዞ ፈረሱን ወደ ጠላ ቤቱ መለሰው።