ሳልገባ «ኢንጂነሯ» ተባልኩ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ሩቅያ እጄን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝና የተሰነጠቀ ግድግዳ አሳዩኝ። «ኢንጂነሯ፣ እስኪ እዪልኝ፤ ይወድቃል እንዴ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳልፍ አባቴ ሰደቃ አውጥቶ፣ «ልጄ ኢንጂነር ሆነች» ብሎ ለሞጣ ሰው ሁሉ ተናገረ። ኢንጂነሪንግ ለመግባት ሌላ ፈተና እንዳለ አያውቅም። እኔም ያን ሁሉ ደስታ አይቼ ለመናገር አፈርኩ።

ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ቢቸና ያለችው የአክስቴ ልጅ ከእኔ የተሻለ ውጤት ነበራት፤ አምና ተፈትና አላለፈችም።

እምቢ ማለት ስላቃተኝ ግድግዳውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። ሐኪም የታማሚ ጀርባ ሲመታ አይቼ ነው እንጂ ስለ ግድግዳ ምን አውቃለሁ?

እትዬ ሩቅያ ወዲያው ወደ ባላቸው ዞረው፣ «በቃ ግንበኛውን አትጥራው፤ ኢንጂነሯ አይታዋለች!» አሉ።

ክው አልኩ። «ኧረ እትዬ፣ ይጠራ! እኔ ገና አልገባሁም። ላልገባም እችላለሁ» አልኳቸው። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «አባትሽ ያውቃል?» አሉኝ።

አሁን አባቴ ከሱቅ እስኪመለስ እየጠበቅኩ ነው። ከእትዬ ሩቅያ አፍ ሳይሰማ እኔው ልነግረው ወስኛለሁ፤ ግን ከፈተናው ይልቅ የሱ ፊት አስፈራኝ።

እናንተ ላታልፉ እንደምትችሉ ለቤተሰብ እንዴት ነገራችሁ? ከየት ጀመራችሁ?