የቺንጋው ክዳን

ከወረታ የወጣሁ ቀን አባባ ሞተሩን አላጠፉም። ይኸን እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም። ሌላው ሰው ከአገር ሲወጣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ያለቅስለታል፣ ይመርቀዋል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሩዝ ተወቅቶ ወፍጮ ቤታችን በር ድረስ በሰው በተጨናነቀበት ሰሞን ነው። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ረዳት "አንድ ሰው የቀረው! ልንሄድ ነው!" እያለ ይጮሃል፤ እኔ ሻንጣዬን ይዤ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። አባባ የሩዝ መፈልፈያው አጠገብ ነበሩ። ቅንድባቸው ሳይቀር በገለባ ብናኝ ነጭ ሆኗል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነውና ሞተሩን ለአንዲት ደቂቃ ላጥፋው አላሉም። ጋቢያቸውን እንደደረቡ ጠጋ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አንድ ቃል አልሰማሁም። ዝም ብዬ "አሜን፣ አሜን" አልኩ። ምን ተብዬ እንደተመረቅሁ ሳላውቅ ነው ዱባይ የገባሁት።

ከጀርባቸው ቺንጋው ይሽከረከር ነበር። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ቺንጋ ማለት ሞተሩንና መፈልፈያውን የሚያገናኘው ረጅሙ የጎማ ቀበቶ ነው። የኛው ክዳን የለውም፤ ኖሮትም አያውቅ። የአባባ ጋቢ ጫፍ ከሱ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። እዚያው ነው ያደግሁት፤ ዓይኔ ለምዶታል።

ዱባይ ሥራ ያገኘሁት የሆቴል አንሶላና ፎጣ በሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ሕንዳዊ ነው፤ ከሩዝ አገር መምጣቴን ስነግረው ሳቀብኝ። "ኢትዮጵያ? ራይስ?" አለ። የአገሬን የፎገራን ማሳ በስልኬ ባሳየው ሣር ነው ብሎ ድርቅ አለ። የነሱ ሩዝ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንዱ ፍሬ ሌላውን የማይነካ ነው። የፎገራ ሩዝ ሲበስል ተቃቅፎ ነው የሚቀመጥ፤ ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ ሲሆንማ አይወራም። ሙቀቱን ደግሞ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ውጪው ያፍናል፣ የላውንደሪው ውስጥ ደግሞ ከውጪው ይብሳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ደጃፋችን ደረሰ እያልን የምንማረርበት የፎገራ ጭቃ እንኳ ናፈቀኝ፤ ናፈቀኝ ስላችሁ የእውነቴን ነው።

በሁለተኛው ዓመት የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ግራ ክንዴን ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ለበለበኝ። ወዲያው የመሥሪያ ቤቱ ሴፍቲ ኦፊሰር ፎርሟን ይዛ መጣች። ግሬስ ትባላለች፤ ከኬንያ ናት፤ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሳ ቀኑን ሙሉ የምትዞር ቁመተ ረጅም ሴት። "አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ።

የፎገራ ሰው "እንዴት ነሽ" ሲባል ምን ይላል? እናንተው ታውቁታላችሁ። ክንዴ እየጨሰ፣ ዓይኔ እንባ እያዘለ፣ "አይ አም ፋይን፣ ታንክ ጎድ" አልኳት።

"አር ዩ ሹር?"

"ፋይን፣ ፋይን፣ ቬሪ ፋይን።"

እሷም "ጉዳት የለም" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች፤ እኔም ፈረምኩ። በማግስቱ ክንዴ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ ክሊኒክ ብሄድ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "እዚህ ላይ ደህና ነሽ ይላል" አለኝ። ክንዴን አሳየሁት። እሱ ወረቀቱን አሳየኝ። ክንዴን ደግሜ አሳየሁት። "ፊርማው ያንቺ አይደለም?" አለ። የኔ ነው፤ ምን ልበል! በተቃጠለ ክንዴ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ግሬስ ይኸን ስትሰማ ተናዳ መጣች። "እናንተ ሐበሾች ሞታችሁም ፋይን ነው የምትሉት!" ብላ ጮኸችብኝ። ቀጥላ ግን አጠገቤ ተቀመጠችና እሷም ከጽዳት ተነስታ፣ እየሠራች በርቀት ተምራ እዚህ መድረሷን ነገረችኝ። ትምህርቱ የሥራ ቦታ ደህንነትና የአደጋ ስጋት አያያዝ ይባላል። በስልክ ይነበባል፣ በስልክ ይጻፋል፣ በስልክ ይፈተናል። ከላውንደሪው የሚያወጣኝ ወረቀት ነው ብዬ ተመዘገብኩ። ለቤተሰቤ ስለ ክንዴ ትንፍሽ አላልኩም። በቪዲዮ ስደውል ረጅም እጅጌ መልበስ ጀመርኩ።

ትምህርቱን በሠራተኞች አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ በምሳ ሰዓቴ፣ በእረፍት ቀኔ ተማርኩት። አስተማሪዬ ሚስተር ዴቪድ ይባላል፤ መልኩን አይቼው አላውቅም፤ ከየት አገር እንደሚጽፍም አልነገረኝ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ የምትኖሩበትን ቤት አደጋዎች ዘርዝሩ የሚል ነው። እኔ የምኖረው በእትዬ ዝናሽ ቤት ነው። የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፤ አፓርታማ ተከራይተው አልጋ በአልጋ ያከራዩናል፤ በድ ስፔስ ይሉታል እዚህ። ከአንዲት ሶኬት አምስት ማከፋፈያ ተቀጣጥሎ፣ ፍሪጁም ምድጃውም ስልካችንም በዚያች ነው የሚኖር። ፎቶ ሳነሳ ደረሱብኝ።

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"ለትምህርት ነው፣ እትዬ። አደጋ የሚያመጣውን ነገር ጻፉ ብለውን።"

"እኔ ቤት አደጋ አለ ብለሽ ልትጽፊ? ለመንግሥት?"

"ለመንግሥት አይደለም፣ ለአስተማሪዬ ነው።"

"አስተማሪሽ የማን ነው? ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? ለኔ ማታ ማታ ሽንኩርት እየከተፍሽ ስታጫውቺኝ ሰላይ መሆንሽን ነገርሽኝ?"

ፎቶውን አስደመሰሱኝ። ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሱኝ። ማከፋፈያው ላይ ግን ጨርቅ አለበሱበት፤ እንዳይታይ። ጨርቁ ደግሞ ከማከፋፈያው ይብስ እሳት የሚስብ መሆኑን ለመናገር ድፍረት አጣሁ።

አባባም የባሱ ናቸው። ምን እንደምማር ስነግራቸው "ሰው እንዳይጎዳ የሚያስተምር ትምህርት? ይኸማ የእግዜር ሥራ ነው፤ እናንተ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?" አሉኝ። እኔ ግን ስለ ማሽን ቀበቶ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ያ የተለየኋቸው ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ጋቢው፣ ቺንጋው፣ አንዷ ክንድ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ነገር ሆነ። ያ ቺንጋ ይሸፈን፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

"አባባ፣ ቆርቆሮ ቢጤ ያልብሱት።"

"ቺንጋ ሲወልቅ በምን ላየው ነው? ደሞስ ሰው ምን ይለኛል? በስተርጅና የገዛ ሞተሩን ፈራ አይለኝም?"

"ይበል!"

"አንቺማ ሩቅ ነሽ፤ አይሰማሽም። በይ ተይኝ፣ ሙሉዬ።"

የመጨረሻው የቤት ሥራ ሲመጣ ደስ አለኝ። የምታውቁትን የሥራ ቦታ መርምሩ፣ በፎቶ አስደግፉ ይላል። ትምህርት ነው ካልኩ እምቢ አይሉኝም ብዬ የኛን ወፍጮ ቤት መረጥኩ። ፎቶውን እንድትልክ ታናሽ እህቴን የሺን አዘዝኳት። የመጀመሪያው ፎቶ መጣ። አባባ ንጹህ ጋቢ ለብሰው፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ቆመው ቺንጋውን በሙሉ ሸፍነውታል። "የሺ፣ ቺንጋውን ነው የምፈልገው" አልኳት። ሁለተኛው መጣ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ታጥቦ፣ ወለሉ ተጠርጎ ቀጤማ ተጎዝጉዟል። "አባባ ናቸው፤ ቤታችን በውጭ አገር ሰው ፊት ቆሽሾ አይታይም ብለው" አለችኝ። ሦስተኛው የየሺ አውራ ጣት ነው።

በቃል የማውቀውን ጻፍኩ። ትልቁ አደጋ ብዬ ያስቀመጥኩት ይኸን ነው፦ አባባ ካህን ሲገባ ሥራቸውን ትተው ይነሳሉ፤ ጎንበስ ብለው መስቀል ይሳለማሉ። ጎንበስ ሲሉ የጋቢያቸው ጫፍ ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወደ ቺንጋው ይሄዳል። መምሬ ደግሞ የወፍጮ ቤታችን ደንበኛ ናቸው፤ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ጎራ ይላሉ። ሚስተር ዴቪድ መለሰልኝ። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ለእንግዳ አይነሳ፣ ጋቢ አይልበስ፣ ቄሱም በር ላይ ፈርመው፣ ሄልሜት አድርገው ይግቡ አለ። በጥምጣም ላይ ሄልሜት! አባባ ተቀምጠው መምሬን "ይፈርሙ" ሲሏቸው በዓይነ ሕሊናዬ አየሁና አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ከቤት ድምፅ ጠፋ። ስደውል የሺ ናት የምታነሳው። "አባባስ?" ስላት "ጣራ ገዳም ሄደዋል፣ ሊሳለሙ።" በሌላ ቀን "ይፋግ ገበያ ናቸው።" "ዛሬ ይፋግ ይገበያል እንዴ?" ብላት "እኔ እንጃ እታለም፣ ለሌላ ጉዳይ ይሆናል። ኔትወርኩ እየቆረጠ ነው" ብላ ዘጋችው። ገርሞኝ ነበር። ግን የቤት ሥራው ማስረከቢያ ደርሶብኝ፣ የሌሊት ፈረቃ ገብቼ፣ ጭንቅላቴ ዞሮ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፣ አልቀስኩ። ቺንጋው ተሸፍኗል! አዲስ ቆርቆሮ፣ በቀጥቃጭ እጅ በደንብ ተጠርዞ፣ በሚስማር ተመትቶ። ሞተሩን የሚያሠራው ባየ የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ባለትዳር። አባባ አርጅተው ረዳት ቀጥረዋል ማለት ነው አልኩ። ሰሙኝ፣ ስንት ጊዜ የለመንኳቸው ሰውዬ በመጨረሻ ሰሙኝ ብዬ እትዬ ዝናሽን ሳይቀር አቀፍኩ። ቪዲዮውን አያይዤ "የታቀደው መከላከያ ተሠርቷል" ብዬ በኩራት ላክሁ።

አርብ ቀን፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ መልሱን ከፈትኩ። ሚስተር ዴቪድ ከሌላው ጊዜ አጠር አድርጎ ነው የጻፈ። ክዳኑ ጥሩ ነው ይላል። ቀጥሎ ግን "በልምዴ ሰው እምቢ ሲል የኖረውን ክዳን ዝም ብሎ አይሠራም። ከክዳኑ በፊት ምን ደረሰ? የአደጋው ሪፖርት አልተያያዘም" ይላል።

ወዲያው ደወልኩ። የሺ አነሳች፤ ከኋላዋ ሞተሩ ይጮሃል።

"ለአባባ ስጪልኝ።"

"እታለም፣ አሁን እኮ..."

"ስጪልኝ አልኩሽ!"

ትንሽ ቆየና ድምፃቸው መጣ። ካሜራው ግን እንደተዘጋ ነው።

"ሙሉዬ! እንዴት ሰነበትሽ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።"

"አባባ፣ ካሜራውን ይክፈቱትና ሁለቱንም እጅዎን ያሳዩኝ።"

"ምነው ልጄ? እንዴት ያለ ሰላምታ ነው?"

"የምሞላው ፎርም አለ። ደህና ነኝ የሚል መልስ አይቀበልም።"

መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ።

"አንቺስ? ባየሁሽ ቁጥር እጅጌሽ እስከ ጣትሽ ነው። ዱባይ ያቃጥላል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ውርጭ ወረደበት?"

ለካ እሳቸውም ሲያዩኝ ኖረዋል። ካሜራዬን ከፈትኩ። ግራ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ ክንዴን ስልኩ ፊት ዘረጋሁት። የሺ "ወይኔ!" ስትል ሰማሁ።

"ማሽን ነው" አልኩ። "ዓመት ሊሆነው ነው። ደህና ነኝ ብዬ ፈርሜ ሳልታከም ቀረሁ።"

አባባ "የሺ፣ ባየን ሞተሩን አጥፋው በይው" አሉ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ምን ሆነ ምን ሆነ ሲል ይሰማል። እኔን ሲሸኙ ያላጠፉት ሞተር ነው።

"አሁን ይሰማል" አሉ አባባ። "በይ ጻፊ።"

ፎርሙን ከፈትኩ። ስማቸውን ጻፍኩ፤ የሥራ ቦታ፣ ወፍጮ ቤት፣ ወረታ። ምን ሆኖ አደጋው እንደደረሰ ጠየቅኋቸው።

"መምሬ መጡ፤ ተነሳሁ።"

የተጎዳውን የሰውነት ክፍል ጠየቅኋቸው።

"ቀኝ እጅ" አሉ፣ ቀስ ብለው። ያን ቀን ራሴ ላይ የጫኑት እጅ ነው።

የሚቀጥለው ሳጥን የጉዳቱ መጠን ይላል። ጣቴ ስልኩ ላይ እንዳለ ቀረ። ማዶ ሞተሩ እንደጠፋ ነው፤ ካሜራው አልተከፈተም፤ አባባ ጥያቄዬን እየጠበቁ ነው።