ሾፌሩ ገብቶ የማያውቅበት ሙዚየም

የአስጎብኚ ድርጅቱ ሰዎች ሾፌሩን «ቀስ በል» እያሉ ይጠሩት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዳ በአውቶቡስ ጭኖ የጥንቷን ዋና ከተማ ሲያዞር አንድም ቀን ከሰው መኪና ጋር ተነካክቶ አያውቅም። የድሮውን ቤተ መንግሥት፣ ሙዚየሙን፣ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት በር በራቸውን ያውቃቸዋል። እንግዶቹ ሲገቡ ግን እሱ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያሸልባል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። «ባዳውን ሁሉ ስታስጎበኝ፣ እኔን መቼ ነው የምትወስደኝ?» ትለዋለች።

«ከተማው የት ይሄዳል? እንደርስበታለን።»

ከተማው የትም አልሄደም፤ የሄደው የእሷ ዓይን ነው። መጀመሪያ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፤ እያደር የሰው ፊት ጠፋባት። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ!» አለ። ቀስ በል ጡረታ በወጣ በሳምንቱ እጇን ይዞ ሙዚየም ወሰዳት።

የአንዲት ንግሥት ቀሚስ ፊት ቆሙ።

«ምን ይመስላል?» አለችው።

«ቀይ ነው። ያምራል።»

«እሱን መቼ ጠየቅኩህ? ወገቡ ሽንሽን ነው ወይስ ልሙጥ? ጥልፉስ የእጅ ነው የመኪና?»

ጎንበስ ቀና አለ። «እንጃ፤ ብቻ ቀይ ነው» አላት። እሷ ቀሚሱ ያለበትን ሣጥን መስተዋት በጣቷ ስትዳብስ ጊዜ ዘበኛው ለስለስ ባለ ድምፅ «እናቴ፣ አይነካም» አላት። እጇን ሰብሰብ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ገብተህ አታውቅም እንዴ?»

«አላውቅም።»

«ያን ሁሉ ዓመት?»

«እተኛ ነበር።»

ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠና መሐረቧን ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብር ጀመር። ቤተ መጻሕፍቱ ገና ይቀራቸው ነበር፤ «እግሬ ደከመ» ስላለች ወደ ቤት ተመለሱ።

በሌላው ሳምንት «ተነሺ፣ ሙዚየም እንሂድ» ቢላት፣ «አንተ ሂድ፤ ደህና አድርገህ አይተህ ንገረኝ» አለችው። ሄደ። ትኬት ቆርጦ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ግን ከሰልፉ ወጣ፤ እሷን ትቶ ብቻውን ሊያይ እንዴት ይግባ? ዞሮ ቤቱ ገባ።

«ዝግ ነው» አላት።

ወንበሩን በእጇ ፈልጋ አጠገቧ ሳበችለት። «ይሁን፤ ና ተቀመጥ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም የሙዚየሙን ነገር አንስተው አያውቁም።