ቁራጭ የሌለው ሲጋራ

ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለውን መናፈሻ የምትጠርገውን ሴት ሰው ሁሉ «መርማሪዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። የሲጋራ ቁራጭ ከማፈሻዋ ላይ አንስታ አገላብጣ ታይና የሰውን ጉድ ትዘረግፋለች። ሊፕስቲክ የነካው ከሆነ «ይቺ ዛሬም ጠብቃ ቀረች» ትላለች። ገና ሳያልቅ የተረገጠ ስታገኝ ደግሞ «ይሄኛው አውቶቡስ መጣበት፤ ካልሆነም ሚስቱ» ብላ ትስቃለች። ሰው ቢዋሽ መሬት አይዋሽም፣ አበቃ። መከራዋም የመጣው በዚሁ እምነቷ ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ሲጋራ ይዞ ዕድሜውን ጨረሰ። ቁራጩን በየደረሰበት ሲጥል፣ እሷ «አንተ ቆሻሻ!» እያለች ስትጠርግለት ኖራለች። በስተመጨረሻ ሳንባው ታመመና ሐኪሙ ሳይሸሽግ «ጭስ ካልተዉ መጪውን ክረምት አይዘልቁትም» አለው። ሰውየው እዚያው ሚስቱ ፊት ማለ።

እሷ ግን አመል በመሐላ እንደማይታሰር አታጣውም። በመስኮቱ ሥር፣ በደጃፉ፣ መናፈሻው ውስጥ እሱ ከሚያዘወትረው አግዳሚ ወንበር ሥር በመጥረጊያዋ ጫፍ በረበረች። አንዲት ቁራጭ አጣች። ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት።

«ሰውዬው ተወልኝ እኮ!» አለቻት በማዶ በኩል ለምትጠርገው ባልደረባዋ።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ። በኔ በኩልም እኮ ቁራጭ ጠፍቷል። ሰው ሁሉ ልብ ገዛ መሰለኝ።»

«እንዲህ ከቀጠለማ ሥራ መፍታታችን ነው!»

ሁለቱም መጥረጊያቸውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ሰውየው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን የመናፈሻው መግቢያ ላይ አዲስ ምልክት ተተከለ። ሲጋራ ተሥሎ በቀይ ተሰርዟል፤ ከጎኑ ደግሞ እስክርቢቶ የመሰለ ነገር እንዲሁ ተሰርዟል። መርማሪዋ «ወንበር ላይ መጻፍ ክልክል ነው» ብላ ተረጎመችው። ስንቱን ተማሪ በከንቱ አፋጠጠችው! ባሏም ከሸሚዙ ኪስ የማይለየው ወፍራም እስክርቢቶ ነበረው። ሸሚዙን ስታጥብ አውጥታ በክብር መስኮቱ ላይ ታኖርለታለች፤ ጉዞ ሲመዘግብ የኖረ ሰው እስክርቢቶ ቢወድ ምን ይገርማል?

ልብሱ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ሲጋራ ሲያምረው በከረሜላ እያታለለ ይሆናል ብላ የማንጎ ከረሜላ ገዝታ ኪሱ ውስጥ ጨመረችለት። አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ሳሉ ግን አልለቀቀውም። ደረቱ ሲያፏጭ አጠገቡ ተኝታ ትሰማለች። ጢስ መውጫ አያጣም፣ የድሮው እየወጣለት ነው ትላለች።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ከቁጥቋጦው ጀርባ ነጭ ጭስ ቡልቅ ሲል አየች። መጥረጊያዋን እንደ ዱላ ይዛ «ማነህ አንተ? እዚህ ማጨስ ክልክል ነው!» እያለች ዞረች። ባሏ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እስክርቢቶው አፉ ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት በርታለች። ማንጎው ሸተታት። መጥረጊያዋን አወረደች።

«ይሄ… እስክርቢቶው?»

«የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው» አለ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ይሻላል አሉኝ። ደግሞ ቁራጭ የለውም፣ መሬትሽን አያቆሽሽም።»

«መሬቴን? መሬቴን ነው ያልከኝ? እየሞትክብኝ እኮ ነው፣ አንተ ሰው!»

«ልነግርሽ ነበር» አለ፣ ሳሉ እያቋረጠው። «‹ተወልኝ› ብለሽ ስትስቂ ሰማሁሽ። እንደዚያ ስትስቂ ካየሁሽ ስንት ዘመኔ! እንዴት ብዬ ላፍርስብሽ?»

እስክርቢቶውን እጇ ላይ አኖረላት። ከዚያ ወዲያ በእርግጥም አልነካውም፤ ነገሩ ግን አልፎ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ለቀስተኛው ሁሉ «ዕድሜው ነው» እያለ ሲያጽናናት እሷ የምትወቅሰው ራሷን ነበር። ሳሉን በጆሮዋ ሰምታ፣ መሬት መሬት ስታይ ፊቱን ሳታየው ቀረች። መሬቱም ቢሆን አልዋሸም፤ ያልጣሉበትን ከየት ያምጣ!

ወደ ሥራ ስትመለስ በቀጥታ የሄደችው ወደዚያ ወንበር ነው። ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ከዚያ ተንበርክካ ከወንበሩ ሥር በጣቷ ትዳብስ ጀመር። ከደረቅ ቅጠል በቀር ምንም የለም። ባልደረባዋ ከማዶ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ንጹህ ነው እኮ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ያን ሁሉ ዘመን ቁራጩን ስጠርግ፣ ቆሻሻ እያልኩ ስሰድበው ኖሬ» አለች ባዶውን ማፈሻ እያየች፤ «አንዲት እንኳ አልተወልኝም።»